የዱመርሶ ቁልቁለትና የባለመኪናው አደራ

መኪና ለሰው ልጅ ያስገኘውን ጥቅም ለአንባቢዎቻችን መዘርዘር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቆጠራል። በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት፣ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበሬው ያመረተውንም ወደ ገበያ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ባለውለታ መሣሪያ በግዴለሽ ሰው እጅ የገባ እንደ ሆነ፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ አባትን ከቤተሰቡ፣ እናትንም ከልጆቿ የሚለይ ጠላት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ወር፣ መኪና ያለውም የሌለውም ቤተሰብ ሊያስብበት ስለሚገባው ስለ አነዳድ ጥንቃቄ፣ ስለ መኪና ስርቆትና ስለ መድን ጥቂት ለመጻፍ ወደናል። ለዚህም ያነሣሣን በዓይናችን ያየነው አንድ ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከዲላ ተነሥተን በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ እንሄድ ነበር። አገሩ ከዳር እስከ ዳር እንሰትና ቡና የለበሰ፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ የተጋረደ፣ ለዓይን የሚያስደስት አገር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ስለዚህ ነው። በመካከሉ የሚያልፈው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ እስከ ሞያሌ የሚወርደው ዋና መንገድ በመሆኑ፣ ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አይለየውም። ሕዝቡ ደግሞ እጅግ ብዙ ነው፤ ቤቱንም የሠራው በመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። እንግዲህ ለሾፌሩ አውራ ጎዳና የሆነው ስፍራ ለነዋሪው ደጃፉ ነው። ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ ሴቶች እሸት ቡና ተሸክመው ወደ ማጠቢያው የሚወርዱት፣ ሽማግሌዎችም ለቅሶ የሚደርሱት በዚሁ መንገድ ዳር ነው።

ዱመርሶ በይርጋ ጨፌ ወረዳ ያለች፣ ስሟም ከቡናዋ ጋር ባሕር ተሻግሮ የሚጠራ መንደር ናት። ወደ ዱመርሶ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን መኪኖች ቆመው፣ ሰውም ተሰብስቦ አገኘን። ወርደን ብንመለከት ቡና ጭኖ ወደ ዲላ ይወርድ የነበረ አንድ አይሱዙ ከመንገዱ ወጥቶ በጎኑ ወድቋል። ጆንያው ተቀዶ ቡናው በጭቃው ላይ ፈስሷል። መኪናው ከመውደቁ በፊት በመንገዱ ዳር የነበረችውን አንዲት ትንሽ ሱቅ ገጭቶ፣ ቆርቆሮዋንና እንጨቷን አንድ ላይ አጣጥፎታል። ደግነቱ ሰው አልሞተም። የሱቋ ባለቤት የሆኑት እናት በዚያች ሰዓት ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር።

የመኪናው ባለቤት ራሱ ሾፌሩ ነው። ዕድሜው ከሠላሳ የማይበልጥ፣ መኪናውን በብድር የገዛ ሰው መሆኑን በኋላ ሰማን። ግንባሩን በጨርቅ አስሮ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለ ሱቋ በመጡ ጊዜ ከተቀመጠበት ተነሣና፣

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አላቸው።

እርሳቸውም፣ «አንተ ከተረፍህ ተመስገን ነው፣ ልጄ። ሱቄን ግን አሁን ማን ያቆምልኛል? እኔ ከርሷ ሌላ ምን አለኝ?» አሉት።

በአጠገባቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሰውየውን ለማጽናናት ብለው፣ «ቀን ነው እንጂ፤ የመጣን ነገር ማን ይመልሰዋል?» ቢሉ፣ እርሱ ራሱን ነቅንቆ፣ «የለም አባቴ፣ ቀን አይደለም። ከሦስት ቀን ጀምሮ ፍሬኑ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ይህን አንድ ጭነት ካደረስሁ በኋላ አሠራዋለሁ ብዬ ነው» አላቸው።

ጥቂት ቆይቶ የትራፊክ ፖሊስ ደረሰ። ወረቀቱን ቢመረምር የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜው ካለፈ ሃያ ቀን ሆኖት ተገኘ። ይህንም ሾፌሩ «ከዚህ ጭነት በኋላ» ብሎ ያቆየው ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ የባለ ሱቋ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱን ሁሉም አስተውሎታልና።

እኛም መንገዳችንን ስንቀጥል የሾፌሩን ቃል ደጋግመን አሰብነው። በአገራችን መኪና ሰው በገደለ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ኀዘንተኛን ለማጽናናት የሚነገር እንደ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን ለጥፋታችን መሸፈኛ ስናደርገው ሌላ ሰው እንዲሞት መንገድ እንከፍታለን። አደጋ የሚመጣው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ራሱን ያሳውቃል። ፍሬኑ ይጮኻል፤ ጎማው ይልጣል፤ ዓይን በእንቅልፍ ይከብዳል። የሚሰማ ሰው ሲጠፋ ነው ቀኑ የሚደርሰው።

ስለ አነዳድ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እንደ ገለጸው፣ በዓለም ላይ በያመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ይህም በየደቂቃው ከሁለት ሰው በላይ ማለት ነው። ከ5 ዓመት እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶችም ከሌላው የሞት ምክንያት ሁሉ የሚቀድመው ይኸው ነው። ከሞቱትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመኪና ውስጥ የተቀመጡ ሳይሆኑ በእግር፣ በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ናቸው። በእኛም አገር የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ መኪና ኖሮት የማያውቀው እግረኛ መሆኑን ማንም ይመሰክራል።

ከምክንያቶቹ ሁሉ የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ደግሞ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ሕፃን ወደ መንገዱ ሲገባ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ መኪናው እስኪቆም የሚንሸራተትበት ርቀት አለ፤ ይህም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ የሚያድግ ነው። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ ደኅና ሆኖ፣ በ50 የሚሄደው መኪና በ28 ሜትር ገደማ ሲቆም፣ በ80 የሚሄደው ግን ለመቆም 58 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በሁለቱ መካከል ያለው 30 ሜትር የአንድ ሕፃን ዕድሜ ነው። ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ባለው መንገድ በፍጥነት የሚተርፈው ጊዜ ግን አንድ ስኒ ቡና ለመጠጣት የሚበቃ አይሆንም።

ሁለተኛው የቁልቁለት አነዳድ ነው። ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ረግጦ ሳይለቅ ከወረደ፣ የፍሬኑ ሸራ ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ በመጨረሻም ፔዳሉ ቢረገጥ መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ መያዝ፣ ፍሬኑንም ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መልቀቅ፣ ጥቂት ሊትር ነዳጅ አትርፎ መኪናውንና ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። በዝናብና በጉም ጊዜ ደግሞ አስፋልቱ ስለሚያንሸራትት፣ ከፊት ካለው መኪና የምንርቀው ርቀት ከደረቁ ጊዜ ሁለት እጥፍ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው ትርፍ ጭነትና ትርፍ ሰው ነው። እኛ የዱመርሶውን አደጋ ካየን በኋላ ወር ያህል ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የጌዴኦ ጎረቤት በሆነችው በሲዳማ ክልል፣ በቦና ወረዳ የደረሰውን አገር ሁሉ ሰምቷል። ሰዎች በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ሠርግ ሲሄዱ መኪናው ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ከሰባ የማያንሱ ሰዎችም አለቁ። ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰው የሞተበት ቤት ነበር። የጭነት መኪና ለዕቃ የተሠራ ነው። ወንበር፣ ቀበቶና ጣራ የለውም፤ ሰዎች ቆመው የተሳፈሩበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በትንሽ ኩርባ ይገለበጣል። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ፣ ለንግሥም ሆነ ለገበያ ሕዝብ በጭነት መኪና ከመሳፈር፣ አርፍዶ መድረስ ወይም ጨርሶ መቅረት ይሻላል።

አራተኛው የሌሊት ጉዞና ድካም ነው። በ1952 በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈውን ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በባዶ እግሩ ሮምን ያስደነቀው ይህ ጀግና መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር ታክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም በቀስት ውድድር ቢካፈል፣ እነዚያ እግሮች ግን ዳግመኛ አልሮጡም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ገና በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የሰውነት ብርታት በመኪና አደጋ ፊት ምንም እንደማይረዳ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። ስለዚህ መንገዱን ከጎሕ በኋላ መጀመር፣ ከማታ በፊት መጨረስ፣ ሁለት ሰዓት በተነዳ ቁጥርም ወርዶ ጥቂት ማረፍ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ድካምን በጫት ማታለል፣ ብርድንም በመጠጥ ማባረር ሾፌሩን የሚያነቃው መስሎ ዓይኑንና አሳቡን የሚያዘገይ ነው። በዘመናችን የተጨመረው የእጅ ስልክም ከመጠጥ አይሻልም። መልእክት ለማንበብ ሦስት ሰከንድ ዓይኑን ያነሣ ሾፌር፣ በሰዓት 80 ሲሄድ 66 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ነዳ ይቆጠራል።

የደኅንነት ቀበቶ ዛሬ በምናውቀው መልኩ፣ ማለት በትከሻና በወገብ የሚያልፈው፣ በቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ በኒልስ ቦህሊን ተሠርቶ በ1959 እ.ኤ.አ. በመኪና ላይ ዋለ። ኩባንያውም ሌሎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ስለ ፈቀደ፣ እነሆ በዓለም ሁሉ ተዳረሰ። ቀበቶ የታጠቀ ሰው በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድሉ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ፖሊስ ሲያዩ ብቻ ትከሻ ላይ ጣል የሚያደርጉት ሰዎች የሚያታልሉት ራሳቸውን ነው። ሕፃን ልጅን በጋቢና በጭን ላይ አስቀምጦ መሄድም ፍቅር የሚመስል ጭካኔ ነው፤ መኪናው በድንገት ሲቆም የእናት ክንድ ሕፃኑን ለመያዝ አቅም አይኖረውምና። የልጆች ስፍራ የኋላው ወንበር ነው። በጌዴኦ አገር ዛሬ ሞተር ብስክሌት ስለ በዛ፣ ነጂውም የሚፈናጠጠውም የራስ ቁር ሳያደርጉ እንዳይሄዱ አደራ እንላለን።

ለተሳፋሪውም የምንለው አለ። ብዙ ሰው ሾፌሩ ሲበር እያየ፣ በልቡ እየፈራ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ዝም ይላል። አንድ ሰው «ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ በል» ሲል ግን ሌሎቹ ይከተሉታል። ሂሳቡን የከፈለው በደኅና ሊደርስ እንጂ ሊሞት ስላልሆነ፣ ይህን መናገር መብቱ ነው።

ስለ ስርቆት

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል ያገራችን ሰው። የመኪና ስርቆትም በአብዛኛው የሚደርሰው ባለቤቱ በሰጠው ዕድል ነው። ዳቦ ልግዛ ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚወርድ፣ ቁልፉን ሰክቶ ቡና የሚጠጣ፣ ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን በመኪናው ውስጥ የሚያሳድር ሰው ለሌባው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። በከተማ ደግሞ አንዱ ቀርቦ «ጎማህ ተነፍሷል» ሲል፣ ባለመኪናው ሊያይ ሲወርድ ሌላው በዚያኛው በር ቦርሳውን ይዞ ይሮጣል። እንዲህ ያለ ቃል ስንሰማ ከመውረዳችን በፊት ሞተሩን ማጥፋት፣ ቁልፉን መንቀል፣ በሮቹንም መቆለፍ ያስፈልጋል።

ሌሎቹም ጥንቃቄዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። መኪናን ጥበቃና መብራት ባለበት ስፍራ ማሳደር፣ የመሪ መቆለፊያ መግዛት፣ ትርፉን ጎማ በሰንሰለት ማሰር፣ በስፖኪዮውና በመስተዋቱ ላይ የታርጋውን ቁጥር ማስቀረጽ ሌባን ያሰለቻል። ቁልፍ ለጋራዥ ወይም ለመኪና አጣቢ ስንሰጥ የቤታችንን ቁልፍ አብረን መስጠት አይገባንም። አዲስ ሾፌር የሚቀጥር ሰውም ዋስና የቀድሞ አሠሪ ሳይጠይቅ መኪናውን አሳልፎ መስጠት የለበትም። ያገለገለ መኪና የሚገዛም የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይቶ፣ በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አስመርምሮ ሊገዛ ይገባዋል። የተሰረቀ ስፖኪዮ በርካሽ የሚገዛው ሰው ደግሞ፣ ነገ የራሱን ለሚሰርቀው ሌባ ደመወዝ እንደሚከፍል ይወቅ።

ስርቆት ከንብረት ጉዳት በላይ ሌላ ነገር አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደሚያዘው፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሾፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያለ ፈቃድ የነዳው ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ከዚህ ነፃ የሚሆነው መኪናው ጉዳት ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው። እንግዲህ መኪናው የጠፋበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማመልከት የሚገባው፣ ንብረቱን ለማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ ሌባው በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዳይሆንም ነው።

ስለ መድን

መድን ማለት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከራሳችን አባባል የተሻለ የለም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። እድር ያለው ቤተሰብ ይህን ያውቃል። በያወሩ ጥቂት ገንዘብ የሚያዋጣው ዛሬ ሰው ስለ ሞተበት አይደለም፤ የሞተበት ሰው ብቻውን እንዳይቀር ነው። ኢንሹራንስም በብዙ ሺህ ባለመኪናዎች መካከል የቆመ እድር ነው።

የመጀመሪያው መኪና ከጅቡቲ በኩል በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የመድን ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ በ1967 ዓ.ም. የነበሩት 13 ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱና በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1986 ደግሞ ለግል ባለሀብቶች ዳግመኛ ተፈቀደ። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን መድን መግባት ለባለመኪናው ፈቃድ የተተወ ነበር። ማንኛውም ባለመኪና ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ በአዋጅ የተገደደው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ነው። መኪና በአገራችን መሄድ ከጀመረ ልክ መቶ ዓመት መሆኑ ነው። ይህም አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል።

ሦስተኛ ወገን የሚባለው የውሉ ተካፋይ ያልሆነው፣ በመኪናው የተጎዳው ሌላው ሰው ነው። በእኛ ታሪክ ሦስተኛ ወገን ማለት የዱመርሶዋ ባለ ሱቅ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን መድን እንደ ግብር ቆጥሮ፣ ቦሎ ለማግኘት ብቻ እየከፈለ፣ «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። በእውነትም ይህ መድን የራሱን መኪና አይጠግንለትም፤ የተሰረቀውንም አይተካለትም። የሚጠብቀው መንገድ ዳር ያለውን ሰው ነው። በ2005ቱ አዋጅ የተወሰነው ካሳ ለሰው ሞት ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ነበር። የገንዘቡ ልክ እንደ ጊዜው ሊሻሻል የሚችል ስለ ሆነ፣ ውሉ ሲታደስ በሥራ ላይ ያለውን መጠን መጠየቅ ይገባል። ጉዳቱ ከዚህ ልክ ሲያልፍ ትርፉ በባለመኪናው ላይ ይወድቃል፤ መድን የሌለው እንደ ሆነ ደግሞ ሁሉም በእርሱ ላይ ነው።

ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። መኪና የገጨው ሰው ወደ ማናቸውም የጤና ተቋም ሲደርስ የአስቸኳይ ጊዜ ሕክምና በነፃ እንዲሰጠው በአዋጁ ታዝዟል፤ በ2005 የተወሰነውም እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰውም ለዚሁ የቆመ የመድን ፈንድ አለ። ብዙ ድሆች ይህን ባለማወቃቸው ከኀዘናቸው ላይ ዕዳ ይጨምራሉ። ስለዚህ የፖሊስ ማስረጃና የሐኪም ወረቀት ሳይዙ ጉዳዩን መተው አይገባም።

ለራሱ መኪና የሚያስብ ሰው ከሦስተኛ ወገን ሌላ ግጭትን፣ እሳትንና ስርቆትን የሚሸፍን ሙሉ መድን ሊገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ልብ ይበል። መጀመሪያ፣ መኪናውን በዛሬው ዋጋው ያስመዝግብ። ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን መኪና ዓረቦን ለመቀነስ ብሎ በአንድ ሚሊዮን ያስመዘገበ ሰው፣ 200,000 ብር ጉዳት ሲደርስበት የሚከፈለው ግማሹ፣ ማለት 100,000 ብር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ስለ ተለወጠና የመኪና ዋጋም ስለ ወጣ፣ በአሮጌ ግምት የቀረ ውል ሊታደስ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ውሉን ሳያነብ አይፈርም። ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም የሰከረ ከሆነ፣ መኪናው ከልክ በላይ ከጫነ፣ ወይም ለቤት ተብሎ የተመዘገበው ለኪራይ ከዋለ፣ ብዙ ውሎች ካሳውን ያስቀራሉ። ሦስተኛ፣ ከየጉዳቱ ላይ ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ከሁሉ የሚቀድመው የሰው ነፍስ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከኋላ ለሚመጡት ምልክት አኑሮ፣ የተጎዳውን ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። ጥሎ መሸሽ በሕግም ያስቀጣል፤ ከኅሊና ወቀሳም አያድንም። ከዚያ በኋላ ለፖሊስ ማመልከት፣ እስኪመጣም መኪናውን አለማንቀሳቀስ፣ የምስክሮችን ስምና የሌላውን መኪና ታርጋ መያዝ፣ በስልክም ፎቶግራፍ ማንሣት ይጠቅማል። ለመድን ኩባንያው በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ሳያስታውቁ፣ በቦታው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እከፍላለሁ» ብሎ መፈራረም ካሳውን ሊያስቀር እንደሚችልም ማወቅ ያሻል።

ከእነዚያ ከሁለቱ ሰዎች ነገሩ ምን ላይ እንደ ደረሰ አንባቢዎቻችን ሳትጠይቁን አትቀሩም። በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. በዚያው መንገድ ስንመለስ ወርደን ጠየቅን። ሰውየው ካሳውን እንዲከፍል የአገር ሽማግሌዎች መካከል ገብተው፣ እርሱም ያለ ክርክር ተቀብሎ ነበር። ነገር ግን መኪናውን ለማሠራት ያወጣው ገንዘብና የባንኩ ዕዳ አንድ ላይ ስለ ወደቁበት፣ በመጨረሻ መኪናውን ሸጦ በሌላ ሰው መኪና ተቀጥሮ ይነዳል አሉን። ባለ ሱቋ ከካሳው የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀብለው ግድግዳውን አቁመዋል። ጣራው ግን ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ገና ላስቲክ ነበር፤ ዝናቡም ጀምሯል። እርሳቸው ሰውየውን አልረገሙትም። «በያወሩ አንድ ቀን ይመጣል፤ ባያመጣም እንኳ መጥቶ ይነግረኛል» አሉን።

የሃያ ቀን መዘግየትና የአንድ የፍሬን ሸራ ዋጋ ሁለት ቤት እንዲህ አድርጎ አጎሳቆለ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ባለመኪናዎች ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወጥታችሁ በመስተዋታችሁ ላይ የተለጠፈውን የመድን ቀን እንድታዩ፣ ነገም ጠዋት ከመንገድ በፊት ፍሬናችሁን እንድታስመረምሩ እናሳስባለን። መኪና የሌላችሁም ለሾፌር ዘመዶቻችሁ ይህን አንብቡላቸው።